“አንድ አይጥ ይበቃል” ስለተባለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ሰሞኑን በቤተሰብ ዓምዳችሁ በውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች የወጣውን ምክር አነበብኩት። ልጆች ውሻ ካላመጣችሁ ብለው ሲያስጨንቁ ወላጅ ምን ያድርግ የሚል ነበር። አብዛኛው ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ለአፓርትመንት ኑሮ አንድ የቤት አይጥ ይበቃል፣ ቦታም አይፈጅም፣ ወጪም የለውም ይላል።

አይበቃም። እባካችሁ ይህን አርሙልን። አይጥ ብቻውን የሚኖር እንስሳ አይደለም። ምክሩን አምኖ ለልጁ አንዲት አይጥ ገዝቶ የሚገባ ወላጅ ያቺን ፍጥረት ለብቸኝነት ይዳርጋታል። ልጁም የሚያየው የምትጫወት አይጥ ሳይሆን ጥግ ይዛ የምትውል አይጥ ነው።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አይጥ እህል ይፈጃል፣ ጎተራ ይበሳል፣ ልብስ ይበላል፣ በሽታ ያመጣል። ማንም ቢጠላው አይፈረድበትም። እናቴ ደሴ ናት። የልጅ ልጅሽ አይጥ እያሳደገች ነው ብዬ በስልክ ስነግራት “ምነው ልጄ፣ ድመት ጠፍቶ ነው?” አለችኝ። እሷን ያለሳለሳት የማጋዋ ታሪክ ነው። ማጋዋ ታንዛኒያ ውስጥ አፖፖ በሚባል ድርጅት ሠልጥኖ ካምቦዲያ ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ በማሽተት የሠራ ግዙፍ የአፍሪካ አይጥ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳልያ ሸልሞታል። የእሱ ዓይነቶቹ ከአክታ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳን በሽታ ይለያሉ። አዲስ አበባ ውስጥም ለዚሁ ሥራ ውለዋል። የእናቴ ታላቅ ወንድም የሞተው በዚያ በሽታ ነው። ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል “እነዚያ ጉዶች ደህና ናቸው?” ሳትል አትዘጋም።

ማጋዋ እኛ ቤት ካሉት ጋር በዝርያ አይገናኝም። እዚህ በቤት የሚያድገው ከከተማው የቦይ አይጥ የመጣ ነው። ልዩነቱ ከመቶ ዓመት በላይ በሰው እጅ ሲራባ መቆየቱ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ ጃክ ብላክ የሚባል አይጥ አጥማጅ ነበር። ከሚይዛቸው መካከል መልካቸው ለየት ያለውን ሳይገድል አስቀርቶ ያራባና ይሸጥ ነበር። በ1901 እ.ኤ.አ. አይልስበሪ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የቤት አይጦች ለውድድር ቀርበዋል። ያ ሁሉ ዘመን ከሰው ጋር አላምዷቸዋል። አብረው የመኖር ጠባያቸውን ግን አልነካውም።

እኛ ቤት ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ልጄ የ12 ዓመት ልጅ ናት። ነጯን ጤፍ፣ ጠቆር ያለችውን ዳጉሳ ብላ ስም አወጣችላቸው። እኔ የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። ቤት የምገባው ሊነጋጋ ሲል ነው። አይጥ ደግሞ ቀኑን ተኝቶ የሚነቃው ማታና ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ ልጄ ታሳድጋቸው እንጂ አብዝቼ የማያቸው እኔ ነበርኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ ከሽቦ ቤታቸው አጠገብ እቀመጣለሁ። ጤፍ የዳጉሳን አንገት በትንንሽ እጆቿ ይዛ ጸጉሯን በጥርሷ ታበጥርላታለች። ዳጉሳ ዓይኗን ከደን አድርጋ ትቀበላለች። ቀጥሎ ትግል ነው። አንዷ ሌላዋን በጀርባዋ ታንጋልላለች። ወዲያው ደግሞ አንዷ ከሌላዋ አፍ አተር ነጥቃ ትሮጣለች። ሲደክማቸው የተንጠለጠለው ጨርቅ ላይ ተደራርበው ይተኛሉ። የትኛው ጅራት የማን እንደሆነ አይለይም።

ጤፍ የጡት ዕጢ ወጣባት። በሴት አይጦች ላይ በጣም የተለመደ ነው። የአይጥ ዕድሜ ቢረዝም ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። እሷም ገፍታ ነበርና አልተረፈችም።

ዳጉሳ ከዚያ በኋላ ሌላ ሆነች። ንጋት ላይ ስገባ ወደ በሩ መሮጥ ተወች። ምግቧ ሳህኑ ላይ ያድራል። ጸጉሯ ተንጨባረረ። ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ነገር ታየ። ልጄ ደም ነው ብላ ደነገጠች። ደም አይደለም። አይጥ ከዓይኑ ኋላ ካለ ዕጢ ቀላ ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። ደህና ሲሆን ራሱ ይጠርገዋል። ሲታመም ወይም ሲጨነቅ ይበዛል፣ ሳይጠረግም ይቀራል። እዚህ ላይ ወላጆችን አደራ የምለው ነገር አለ። ጓደኛዋ ሞቶባት አዝና ነው ብላችሁ አትለፉ። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይያት። አይጦች ሳንባቸው ቶሎ ይታመማል። ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ አብዛኞቹ ውስጥ አለ፤ ሰውነት ሲዳከም ይነሳል። ማስነጠስ፣ ሲተነፍሱ ማፏጨት፣ ይኸው ቀይ ፈሳሽ፣ ሁሉም የእሱ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። የእኛዋን ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ፣ መዝና፣ ጥርሷን አይታ “ሳንባዋ ንጹህ ነው፤ ጓደኛ ፈልጉላት” አለችን።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚለውን አውቃለሁ። “እኛ አብዝተን እንጫወትላታለን” ይላል። የእኔ ባለቤትም ያለው ይህንኑ ነው። በቅን ልብ ነው ያለው። ግን አይሆንም። እሷ ስትነቃ እኛ እንተኛለን። የእኛ ጣት አንገቷን ሊያክላት ይችላል፤ አብሯት ግን ሊያድር አይችልም። የሚያወሩትን እንኳ አንሰማም። ያክ ፓንክሴፕ የሚባል ተመራማሪ አይጦችን እየኮረኮረ አጥንቶ፣ ሲጫወቱና ሲኮረኮሩ 50 ኪሎኸርዝ አካባቢ በሆነ ድምፅ እንደሚጮኹ አሳይቷል። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማም። ቤቱ ጸጥ ያለ ሲመስለን እነሱ ሲንጫጩ ያድራሉ። ያንን የሚመልስላት ከዘሯ በቀር ማንም የለም።

ስለ መተሳሰባቸውም የተጠና ነገር አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዲት አይጥ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ዘግተው አብራት የምትኖረውን አይጥ ውጭ ለቀቋት። ውጭ ያለችው ማንም ሳያሠለጥናት በሩን መክፈት ተማረችና የታሰረችውን አወጣች። ቸኮሌት በሌላ ቱቦ ዘግተው ሲያቀርቡላትም ሁለቱንም ከፈተች። ብዙ ጊዜም ቸኮሌቱን ብቻዋን አልጨረሰችውም። እኔ ሰውን ከአይጥ ጋር አላወዳድርም። ግን ሥራዬ ነውና ብቸኝነት ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ በየሌሊቱ አያለሁ። ዳጉሳ ላይ ሳየው አልጠፋኝም።

“አርጅታለች፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግላታል?” የሚሉም አሉ። አልስማማም። ሦስት ዓመት ለሚኖር ፍጥረት ስድስት ወር ትልቅ ዕድሜ ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ስዊዘርላንድ ያላችሁ፣ ይህ የእኔ ምክር ብቻ አይደለም። እዚያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ አብረው የሚኖሩ እንስሳት ከዘራቸው ጋር እንዲገናኙ ያስገድዳል። ካልጋሪና ኤድመንተን ላላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ከተሞቹ ያሉባት የካናዳ ግዛት አልበርታ ውስጥ አይጥ በቤት ማሳደግ በሕግ ክልክል ነው። ግዛቷ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አይጥ እንዳይገባባት ስትከላከል የኖረች ናት። አምዳችሁ “በውጭ አገር ላላችሁ ሁሉ” ብሎ ሲመክር ይህም መነሳት ነበረበት።

አሁን ጓደኛ ወደ መፈለጉ ልምጣ። ነገሩን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ጓደኛ ማለት አይጥ ነው። ሃምስተር አይሆንም፣ ጊኒ ፒግም አይሆንም፤ እነዚህ በቤት የሚያድጉ ሌሎች ትንንሽ እንስሳት ናቸው። ትንሿን የአይጥ ዓይነት፣ ፈረንጆቹ ማውስ የሚሏትን፣ አጠገቧ እንዳታደርጉ። ትልቁ ዝርያ ትንሹን ይገድለዋል። ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ነው የሚሆነው። ወንድና ሴት ካላችሁ ወንዱ መኮላሸት አለበት፤ ከተኮላሸም በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ተለይቶ መቆየት አለበት። እርግዝናቸው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። በአንዴ ስምንትም አሥርም ይወልዳሉ። የወለደች አይጥ በዚያው ቀን እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ልጆቹ ደግሞ ገና አምስት ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሳታስቡት ቤታችሁ ይሞላል።

እኛ መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ የቤት እንስሳት መደብር ነበር። ሻጩ ሁለት አውጥቶ “ሁለቱም ሴቶች ናቸው” አለን። ልጄ ጅራቷን ሳትጎትት አንዷን በመዳፏ ደግፋ ገለበጠቻትና አየች። ወንድ ነው። ያን ያህል ያደገ ወንድ አይጥ የዘር ፍሬው በግልጽ ይታያል፣ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሌሎቹም ወንድና ሴት ተቀላቅለው አንድ መስታወት ውስጥ ነበሩ። እንዲያ ካለ ቦታ የምትገዛ ሴት አርግዛ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስቱ ያስነጥሳሉ። ለእባብ መብል ተብለው የሚሸጡ ስለሆኑ ማንም አይጨነቅላቸውም። ለልጄ በጣም ከበዳት። ሁሉንም እንውሰድ አለች። አንዱን በወሰድን ቁጥር ሌላ እንደሚተካበት ነግሬያት ወጣን።

ያገኘነው ከካውንቲው የእንስሳት መጠለያ ነው። እዚያ ውሻና ድመት ብቻ ያለ ይመስለን ነበር። አይጥም፣ ጥንቸልም፣ ወፍም አለ። ተማሪ ሆኖ አሳድጎ ወደ ሌላ ግዛት ሲሄድ የሚያስረክብ ብዙ ነው። ሁለት ወጣት እህትማማቾች ነበሩ። ለምን ሁለት? አንዲት ወጣት ብቻ ብናመጣ ቀኑን ሙሉ አሮጊቷ ላይ ትዘላለች። ዳጉሳ ደግሞ ወገቧ ደክሟል፣ ዕረፍት ትፈልጋለች። ሁለት ሲሆኑ ትግሉን እርስ በርሳቸው ይጨርሱና እሷ ዘንድ የሚመጡት ለመተኛት ነው። ከዚያም በላይ ነገ ዳጉሳ ስትሞት ሌላ ብቸኛ አይጥ አትቀርም።

በመጡበት ቀን አንድ ላይ አላደረግናቸውም። ይህ ከሁሉ በላይ ነው። አዲስ አይጥ ምንም ሳትመስል በሽታ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። በሽታው ደግሞ በአየር ይተላለፋል። ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ብዙም አይረዳም፤ ሌላ ቤት ቢገኝ ነው የሚሻለው። የሥራ ባልደረባዬ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ቤቷ ቤዝመንት አለውና ሁለቱን ለሁለት ሳምንት አቆየችልን። እሷም መጀመሪያ ስትፈራ ነበር። ኋላ ላይ የአተር ፍሬ በእጇ ታበላቸው ጀመር።

ከዚያ ማስተዋወቁ መጣ። የተጠቀምነው የመታጠቢያ ገንዳውን ነው። ደረቅ መሆን አለበት፤ እግራቸው እንዳይንሸራተት ፎጣ አንጥፈንበታል። ዋናው ነገር ዳጉሳ ከዚያ በፊት ረግጣው የማታውቀው ቦታ መሆኑ ነው። የእኔ ነው የምትለው ግዛት ላይ እንግዳ ብናስገባባት ትዋጋ ነበር። ሦስቱም የሚልሱት እርጎ ገንዳው ላይ ቀባን። እኔ ወፍራም የምድጃ ጓንት አጠለቅኩ። የሚጣሉ አይጦችን በባዶ እጅ ለመለየት የሚሞክር ሰው ክፉኛ ይነከሳል።

መጀመሪያ ተሸታተቱ። ከዚያ ዳጉሳ ጸጉሯ ቆመ፣ ሰውነቷ እጥፍ ሆኖ ታየ። ጎኗን ሰጥታ እየገፋች አንዷን ትንሽ ጥግ አስያዘቻት። ትንሿ በጀርባዋ ተንጋላ ጮኸች። ልጄ “እማዬ ለያዪያቸው!” አለች። ቆዪ አልኳት። ጩኸት ችግር አይደለም። አንዷ ሌላዋን ማንጋለል፣ አንገት ይዞ በኃይል ማበጠር፣ መገፋፋት፣ ይህ ማን ትልቅ ማን ትንሽ እንደሆነ የሚነጋገሩበት ነው። ገና ሲጀምሩ ከለያየናቸው ንግግሩ ሳያልቅ ይቀርና በሚቀጥለው ይብሳል። መለየት ያለባቸው ደም ከታየ፣ ወይም ሁለት አይጦች ተቆላልፈው እንደ ኳስ ከተንከባለሉ ነው። የእኛዎቹ እዚያ አልደረሱም። ዳጉሳ ጥቂት ቆይታ ወደ እርጎው ተመለሰች። ትንሿ ተነስታ አጠገቧ ሆና ላሰች።

በየቀኑ እንዲህ እያደረግን ጊዜውን አረዘምነው። ሲላመዱ ሦስቱንም የሐኪም ቤት መውሰጃዋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አንድ ላይ አስገባናቸው። ጠባብ ስለሆነ መጠጋጋት ግድ ነው። ትልቁን የሽቦ ቤት የመለስነው በደንብ አጥበን፣ ዕቃውን ሁሉ ቦታ ቀያይረን ነው። የድሮ ሽታዋ ከቀረ ዳጉሳ ቤቴ ነው ብላ አትከላከልም። መደበቂያዎቹ ሁሉ ሁለት መውጫ ያላቸው እንዲሆኑ አደረግን። አንድ መውጫ ያለው ጎጆ ውስጥ የምትገባ ትንሽ አይጥ ማምለጫ የላትም። ለወለሉ የወረቀት ንጣፍ ነው የምንጠቀመው። የፓይንና የሲዳር እንጨት ፍቅፋቂ ርካሽ ቢሆንም ሳንባቸውን ይጎዳል።

ዳጉሳ ዛሬ ምግቧን ትበላለች። ጸጉሯን የሚያበጥርላት አግኝታለች። የኋላ እግሯ አሁንም ደካማ ነው፣ ዕድሜ ነውና እሱን ጓደኛ አይመልሰውም። ሁለቱ ወጣቶች ሲሯሯጡ ላይዋ ላይ ያልፋሉ። አትቆጣም። ልጄ ሽሮና በርበሬ ብላቸዋለች፤ የትኛዋ በርበሬ እንደሆነች ለመገመት አይከብድም።

አንድ ጥያቄ በእርግጥ ይነሳል። አንዷ በሞተች ቁጥር ሌላ እየተኩ እስከ መቼ? እኔ ያልኩት እንዲህ ነው። ከሦስቱ አንዲት ብቻ የቀረች ቀን ልጄ መቀጠል ከፈለገች ዳግም መጠለያው እንሄዳለን። በቃኝ ካለች ደግሞ የቀረችውን ሌሎች አይጦች ላሉት ቤተሰብ እንሰጣለን። ይህ ጭካኔ አይደለም። ብቻዋን እኛ ዘንድ ከምትቀር ከብዙዎች ጋር ብትኖር ይሻላታል። የዕለት ወጪውም ቢሆን አንድና ሦስት ያን ያህል አይራራቁም። ቤቱ ያው ነው፣ ምግቡም ጥቂት ነው። ገንዘብ የሚጠይቀው ሐኪም ነው። እሱ ደግሞ አንድም ቢሆን አይቀርም፣ ሲበዙም ይጨምራል። ስለዚህ ዓምዳችሁ “ወጪ የለውም” ያለውም ይታረም። የአንድ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ዋጋ ስንት እንደሆነ ከመግዛቱ በፊት ያልጠየቀ ወላጅ ኋላ ልጁ ፊት ይቸገራል።

በሚቀጥለው ዕትማችሁ እርማቱን በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ስፋት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። አይጥ የሚፈልግ ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት፣ ቢችል ሦስት፣ ከአንድ ጾታ፣ መጀመሪያ ከመጠለያ ይፈልግ በሉ። ቦታውም አቅሙም ለአንድ እንስሳ ብቻ የሆነ ቤተሰብ ደግሞ አለ፤ ለእሱም መልስ አለው። የሶርያ ሃምስተር የሚባለው ወርቃማው ሃምስተር በተፈጥሮው ብቸኛ ነው። ካደገ በኋላ ከሌላ ጋር ቢያኖሩት እስከ ሞት ይጣላል። አንድ ብቻ ለሚፈልግ ወላጅ እሱን ንገሩት።

አክባሪያችሁ፣
የዳጉሳ ቤተሰብ እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ